የጡት ልጅ

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ከባሕር ዳር ሞጣ ሄድኩ። እህቴ ቤት ስንደርስ ቡና እየቆላች ነበር። እኔ ቀድሜ ገባሁ። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ሹሩባዋ ይታያል። ቀና ብላ «መጣህ ሆዴ?» አለችና መቁላቷን ቀጠለች። ባልደረባዬ ጎንበስ ብሎ ከኋላዬ ብቅ ሲል ግን በአንድ እጇ ምጣዱን እንደያዘች በሌላው ሻሿን ስባ ጸጉሯን ሸፈነች። ሁለት ሰከንድ አልፈጀባትም።

ስንወጣ ባልደረባዬ ጠየቀኝ። «እህቴ ስትለኝ የአክስት ልጅ ምናምን መስሎኝ ነበር። እሷ ሙስሊም ናት፣ አንተ ማተብ አስረሃል። ደግሞ እኔን ስታይ ተሸፈነች፤ አንተን ስታይ ምንም አልመሰላትም። እንዴት ነው ነገሩ?»

መንገዱን ሙሉ ሳስረዳው መጣሁ። ዛሬ ደግሞ እዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ስለ ክርስትናና ስለ እስልምና ቤተሰብ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ ነው የሚለውን ነው። ሞጣ ውስጥ፣ አጥር በሚጋሩ ሁለት ቤቶች መካከል ያደግሁ ሰው ነኝ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ማን ለማን ባለዕዳ እንደሆነ ነው ያየሁት።

የተወለድኩት በ1975 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ የእናቴ ጡት አበጠ። ቀጥሎ መግል ቋጠረ። ትኩሳቱ ሲበረታባት ሰው አትለይም ነበር ይላሉ። የላም ወተት በውኃ አቅጥነው በጥጥ እያንጠባጠቡ ሰጡኝ። አስመለሰኝ። የአጥር ጎረቤታችን የሆነችው ሙስሊም ሴት ከሦስት ወር በፊት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ለቅሶዬን በአጥሩ ስትሰማ አደረች። ሲነጋ ልጇን አዝላ መጣች። ማንንም አላስፈቀደችም። ከአያቴ እጅ ተቀበለችኝና መደቡ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠችኝ። እናቴ እስክትድን አንድ ወር ገደማ እንደዚያ ቆየሁ።

እሷን እስከ ዛሬ እቴቴ ነው የምላት።

አያቴ ግን ዝም አላለችም። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። «ገና ክርስትና ያልተነሳ ልጅ፣ ከእስላም ጡት!» ብላ ስትብከነከን ሰንብታ ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደች። አባታችን የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሴትዮዋ ጤነኛ ናት?»

«ጤነኛ ናት።»

«እንግዲያው ይጥባ። አርባ ቀኑ እንዳያልፍ ብቻ።»

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው ክርስትና የሚነሱት። እሳቸውን ያሳሰባቸው ቀኑ ነበር። ቀኑም አላለፈም። ክርስትና የተነሳሁት የረመዳን ዒድ በዋለ ሰሞን ነው።

እቴቴ ቤትም ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ባለቤቷን ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ ወደ ሼሁ ሄዱ። ሼሁ የጠየቁት ደግሞ ሌላ ነው። «ስንት ጊዜ አጠባችው?» አሉ። ጋሼ ሳቁ። ቀንም ሌሊትም ነው፤ ማን ቆጥሮት! በእስልምና ሕግ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የሌላ ሴት ጡት ከጠባ ልጇ ይሆናል። ስንት ጊዜ የሚለው ላይ ሊቃውንቱ ይለያያሉ። አንዴም ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አምስት ጊዜ መሙላት አለበት የሚሉ አሉ። የእኔ ነገር ግን ለክርክር የሚበቃ አልነበረም። «እንግዲያስ ልጃችሁ ነው» አሉ ሼሁ። «ከልጃችሁ ጋር አይጋቡም። ስታድግም ከእሱ አትሸፈንም።»

ይህን ፍርድ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ሙስሊም ሴት ክርስቲያን ወንድ እንድታገባ እስልምና ድሮም አይፈቅድም። ስለዚህ «አይጋቡም» የሚለው በእኔ ላይ የጨመረው ነገር የለም። የጨመረልኝ ሁለተኛው ነው። እቴቴ ቤት አንኳኩቼ አላውቅም። ጓዳ እገባለሁ። እህቴ ስትታመም ግንባሯን እዳስሳለሁ፤ ስንገናኝ እንተቃቀፋለን። ታላቅ ወንድሜ ከእኔ ጋር ሲመጣ ግን ሻሿ ከፍ ይላል። የጠባሁት እኔ ነኛ! ዝምድናው የጠባውን ልጅ እንጂ ወንድሞቹን አይጨምርም። ልጅ ሳለን ወንድሜ በዚህ ነገር ይበሳጭ ነበር። «እኔንስ ምን አለ አንድ ቀን ብታጠቢኝ» ብሏት እቴቴ በሳቅ ስትፈርስ አስታውሳለሁ። የሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበር ያኔ።

በእኛም በኩል እንዲህ ያለ ዝምድና አለ። ክርስትና ስነሳ አባቴ አንድ ጓደኛውን ክርስትና አባት አደረገልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አበልጅ ተባሉ። የክርስትና አባቴ ልጆች እህቶቼ ናቸው፤ ላገባቸው አልችልም። ደም የለንም። ያዛመደን ውኃው ነው። በድሮው ባህላችን ደግሞ ትልቅ ሰው ሳይቀር የጡት ልጅ ይሆን ነበር። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል፤ ከዚያ በኋላ የአብራክ ልጅ ያህል ነው። እንግዲህ በአርባ ቀን ውስጥ እኔ በወተትም በውኃም ዘመድ አበጀሁ ማለት ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ቤተሰብ የሚሠሩት በመውለድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስም ይሰጡታል፣ ሕግ ያወጡለታል፣ ዕዳ ያሸክሙታል።

ዕዳ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጎጃም ያደገ ሰው እንደሚያውቀው ክርስቲያንና ሙስሊም ሥጋ አይባላም። «በስመ አብ» ተብሎ የታረደ ለአንዱ፣ «ቢስሚላህ» ተብሎ የታረደ ለሌላው ነው። በሠርግ ላይ ለሙስሊም እንግዶች በሬው ለብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም፣ ዳሱም ለብቻ ነው። ማንነት የሚለየው በሥጋ ነው። ማጥባት ላይ ግን እንዲህ ያለ አጥር አልነበረም። አባቴ ይህን ሁሉ ያውቃል። እቴቴ እኔን ባጠባችበት ወር በየሳምንቱ ቅቤና የገብስ ዱቄት ይልክላት ነበር፣ ለአጥሚት። አንድ ቀን ደግሞ በግ ይዞ ሄደ። አላረደውም። በገመድ እየጎተተ በሕይወቱ ነው የወሰደው። በሩ ላይ አስሮት «ጋሼ ይባርኩት» ብሎ ተመለሰ።

አባቴ ቁርኣን አያውቅም። ዳዊት ደጋሚ ነበር። እኔ ግን ትልቅ ሆኜ ስለ ማጥባት የሚናገረውን የቁርኣን አንቀጽ ሳነብ ያ በግ ትዝ አለኝ። ሁለተኛው ምዕራፍ፣ አንቀጽ 233 ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ሁለት ሙሉ ዓመት ያጥቡ ይላል። የምታጠባዋን ምግብና ልብስ የመቻል ኃላፊነት በአባት ላይ ነው ይላል። ልጁን ቀድመው ጡት ማስጣል ቢፈልጉ ሁለቱ ተመካክረውና ተስማምተው ይሁን ይላል። ለሌላ ሴት ሰጥታችሁ ብታስጠቡም ተገቢውን ክፈሉ ይላል። ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ። ጡት ማስጣልን የሚያህል የጓዳ ነገር ላይ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው እንዲመካከሩ ያዛል። ስለ ባል ሥልጣን ብቻ የሚሰብኩ ሰዎች ይህን አንቀጽ ለምን እንደሚዘሉት አላውቅም።

በእኛም በኩል የሚዘለል አለ። አባቴ ሲቆጣ የሚጠቅሰው ጥቅስ ነበረው። «ሚስቶች ሆይ፣ ለባሎቻችሁ ተገዙ» ይላል፤ ከኤፌሶን ምዕራፍ 5 ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚል ለብዙ ዓመት አላወቀችም። ቀጥሎ «ባሎች ሆይ፣ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደዳት ሚስቶቻችሁን ውደዱ» ነው የሚለው፤ ራሱን ስለ እሷ አሳልፎ እስከ መስጠት። ለባሎች የተጻፈው ለሚስቶች ከተጻፈው እጥፍ ይበልጣል። ከሁሉም በፊት ደግሞ «አንዳችሁ ለአንዳችሁ ተገዙ» የሚል አለ። አሥረኛ ክፍል ሆኜ አንድ እሑድ ሙሉውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። «ይኸ ሁሉ እዚያው ላይ ነው ያለ?» አለች። አባቴ መልስ አልሰጠም። ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ያንን ጥቅስ ሲጠቅስ አልሰማሁትም።

አባቴን እንዳትታዘቡብኝ። ጎጃም ውስጥ ገበሬ ሆኖ ያደገ ወንድ ምድጃ ዳር መታየት ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። እናቴ በታመመች ጊዜ ጨው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም ነበር። ጋሼ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። በደጉ ዘመን የጎጃም ሙስሊሞች በርስት መሬት ላይ ድርሻ ስላልነበራቸው ኑሯቸው ንግድ፣ ሽመናና ልብስ ስፌት ነበር። «ደጉ ዘመን» የምንለው ለሁሉም ደግ አልነበረም። መሬት ላራሹ የታወጀውና የሙስሊም በዓላት በአገር ደረጃ የታወቁት በ1967 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ከመወለዴ ስምንት ዓመት በፊት ብቻ! ጋሼ በዚያን ጊዜ ሙያቸውን ይዘው ነበርና አልለቀቁትም። ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ ዘርግተው ቀኑን ሙሉ ቤታቸው ይውሉ ነበር።

ቤት የዋለ ሰው ቤቱን ያውቃል። ጋሼ ሕፃን ሲያለቅስ ፔዳሉን አቁመው ያነሱታል። እቴቴ ገበያ ስትሄድ ወጡን ያማስላሉ። እህቴንና እኔን አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቁልፍ ሲተክሉ ትዝ ይለኛል፤ መርፌውን በከንፈራቸው ይዘው፣ በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ። ሰፈሩ «ሴታሴት» ይላቸው ነበር። እሳቸው መልስ ነበራቸው። ነቢዩ ሙሐመድ ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር ተብለው ሲጠየቁ ባለቤታቸው ዓኢሻ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር፣ የሰላት ሰዓት ሲደርስ ይወጣሉ ብለው መልሰዋል። ጋሼ ይህን ሐዲስ እየጠቀሱ «ነቢዩ ያላፈሩበትን እኔ ምን ቤት ነኝ?» ይሉ ነበር።

አባቴም ተለወጠ። የለወጠው ግን የእኔ ንባብ አይደለም። በእኛ አገር ብዙ ባልና ሚስት በሰማንያ ተጋብተው ይኖሩና ዕድሜያቸው ሲገፋ አብረው ይቆርባሉ። ሰማንያ ይፈታል፤ ቁርባን አይፈታም። ወላጆቼ በ1990 ዓ.ም. ቆረቡ። በማግስቱ አባቴ ለእናቴ የእጅ ውኃ አስታጠባት። ዕድሜ ልኳን ስታስታጥበው የኖረች ሴት እጇን ዘርግታ ውኃው ሲፈስላት ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ዝም ብላ ታየው ነበር። ማሰሮውን የያዘው እጁ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ሁለቱም ሸምግለዋል። ለምን እስከዚያ ቆየ የሚለው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለ ልጅነት ጋብቻ ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። እናቴ የተዳረችው በ11 ዓመቷ ነው። እቴቴ በ14 ዓመቷ። አንዷን ቄስ ባርኳል፣ ለአንዷ ሼህ ዱዓ አድርጓል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ጋብቻ በፈቃድ ይሁን ይላሉ። የ11 ዓመት ልጅ ምን ፈቃድ አላት? ይህ የሃይማኖት ትእዛዝ አልነበረም፤ የእኛ ልማድ ነው፤ ግን ሁለቱም የሃይማኖት አባቶች አጠገቡ ተቀምጠው ጠላውንም ቡናውንም ጠጥተዋል። ዛሬ የፌዴራሉም የአማራ ክልሉም የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ልጄ አሁን 12 ዓመቷ ነው። ማታ ማታ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ ስትተኛ አያታለሁ። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ የሰው ቤት ስታንቀሳቅስ ዓመት አልፏታል።

የእህቴ ኒካህ የተለየ ነበር። 23 ዓመቷ ነበር። ሙሽራውን ራሷ ነው የመረጠችው። ኒካሁ የታሰረው ሳሎን ውስጥ ነው። አባቷ ወሊ፣ ማለት የሚድራት ሰው ሆነው ተቀመጡ፤ ምስክሮች ሁለት። እሷ ጓዳ ናት። ምስክሮቹ ገብተው ወደሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ምስክር ልሆን አልችልም፤ ግን ወንድሟ ነኝና ጓዳ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ድምጿ እንዳይንቀጠቀጥ እጄን ጨብጣ ነው የመለሰችው። መህሩ፣ ሙሽራው የሚሰጣት ስጦታ፣ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ነበር። በእስልምና መህር የሴቲቱ ነው፤ አባትም ባልም አይነካውም። ገንዘቡን ይዛ ባሕር ዳር መጣች። አብረን ዞረን የስፌት መኪና ገዛች። የጋሼን ሙያ የወረሰችው እንዲህ ነው።

ውርስ ካልኩ ዘንድ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። እናቴ በ2009 ዓ.ም. አረፈች። አባቴ ቀድሟት ሄዷል። የቀረው ሞጣ ያለው ቤትና ግቢው ነው። ወንድሜና እኔ በዚያ ቤት ተጣላን። እሱ ይሸጥ አለ፤ እኔ አይሸጥም አልኩ። ነገሩ ከቤቱ አልፎ ወደ ድሮ ቂም ገባ። ለሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። ጎጃም ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ርስት በአባትም በእናትም፣ ለወንድም ለሴትም ይወርዳል፤ ይህ መልካም ነው። ግን ደግሞ ወንድማማች የሚካሰሰው በዚያው ነው።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ልብ ያልኩት። የጡት ዝምድና ውርስ የለውም። ከእቴቴ ቤት አንድ ጭልፋ እንኳ አልወርስም። የክርስትና ልጅም አይወርስም። ሁለቱም ዝምድናዎች ንብረት አልባ ናቸው። በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ያልሻከሩብኝም ሁለቱ ናቸው። የደም ዝምድና ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ወንድሜን እወደዋለሁ። ብቻ ምንም የማይደርስህ ቤት ልጅ መሆን ልብን ንጹሕ ያደርጋል።

እህቴን ስለ ራሷ ድርሻ ጠየቅኋት። ጋሼ ሲሞቱ እንደ ሸሪዓው የወንድሟን ግማሽ ነው የወሰደችው። «አይከፋሽም?» አልኳት። «ወንድሜ ሁለት እጅ ሲወስድ እቴቴንም ወስዷል። መጦሯም ቀለቧም በእሱ ላይ ነው። የእኔ ድርሻ ግን የእኔ ብቻ ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም» አለች። እሷን ያልከፋትን እኔ ልከፋላት አልችልም። ወንድሟ ሰው ሆኖ ነው ግን። ሁለት እጁን ወስዶ እናቱን የረሳ ወንድ ባይኖር ኖሮ መልሷ ሙሉ ይሆንልኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። ያኔ ሚዛኑ ይጎድላል፤ ሴቲቱ በግማሹ ብቻ ትቀራለች።

እኛን ያስታረቀችን እቴቴ ናት። ሽማግሌ አልላከችም። ሁለታችንንም ጠራችን። አስቀምጣ ለወንድሜ «እናትህ ባትሞት ትጣሉ ነበር?» አለችው። እኔ እንደ ልማዴ «ኡፍ» አልኩ። ቶሎ ዞር አለችብኝ። «ኡፍ አትበል!» ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ የምታርመኝ ነገር ነው። ውኃ ቅዳ ስትለኝ፣ ሱቅ ሂድ ስትለኝ «ኡፍ» ካልኩ ጆሮዬን ትይዘኛለች። ቁርኣን በወላጅ ፊት «ኡፍ» እንኳ አትበሉ ይላል፤ ቃሉ በዓረብኛውም ያው ነው ማለት ይቻላል። እናቴ ደግሞ «አባትህንና እናትህን አክብር፣ ዕድሜህ እንዲረዝም» ትለኝ ነበር። አንዷ በረጅም ዕድሜ ታባብለኛለች፤ አንዷ በአንዲት ትንፋሽ ትይዘኛለች። ቤቱ አልተሸጠም። የወንድሜ ልጅ ይኖርበታል።

በታህሳስ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ ባሕር ዳር ነበርኩ። ወሬውን እንደሰማሁ ደወልኩ። አልተነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ እቴቴ አነሳችው። አፌን ሳልከፍት «አንተ ደህና ነህ? ልጆቹስ?» አለችኝ። ጠያቂዋ እሷ ሆነች። መናገር አቃተኝ። በዚያ ሰሞን ከሁለቱም ሃይማኖት ሰው ለመስጊዶቹ ማሠሪያ ገንዘብ አዋጣ፤ እኔም የአቅሜን አዋጣሁ። ግን አሁንም አንድ ነገር ደረቴ ላይ አለ። ያን ቀን እሳቱን የለኮሱት ልጆችም እናት አጥብታ ያሳደገቻቸው ናቸው።

ልጨርስ ነው። ከዚህ ሁሉ ደጋግሜ የማስበው አንድ ክር አለ።

እቴቴ እኔን ስታጠባ ረመዳን ገባ። ሰኔ ነበር። የራሷን ልጅ ብቻ ብታጠባ ትጾመው ነበር ትላለች። ሁለት ልጅ ስታጠባ ግን ወተቱ ቀነሰ፤ እኔ ማታ ማታ መጮህ ጀመርኩ። ለምታጠባ እናት ጾሙን አቋርጣ በሌላ ጊዜ ቀዷ እንድታወጣ፣ ማለት ያፈረሰችውን ቀን ጾማ እንድትተካ ይፈቀድላታል። ስለዚህ አፈረሰች። 17 ቀን። እንዳትረሳው ከጋሼ ጥቁር ክር ቆርጣ ባፈረሰች ቁጥር አንድ ቋጠሮ ትቋጥርና ምሰሶው ላይ ባለች ሚስማር ትሰቅለው ነበር። 17 ቋጠሮ።

ቀጣዩ ረመዳን ሳይደርስባት መክፈል ጀመረች። መጋቢት 1976 ዓ.ም. ላይ ነው። እኛ ዐቢይ ጾም ይዘናል። እናቴ የምትጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። እቴቴ በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ቋጠሮ ትፈታለች። የቀረው አንድ ሲሆን እናቴ ሰማች።

እናቴ ያን ቀን በዘጠኝ ሰዓት አልበላችም። ሽሮዋን ሠርታ በሸክላ ድስት፣ ድስቱን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እኔን አዝላ አጥሩን ተሻገረች። ሽሮ የእስላምም የክርስቲያንም የለውም። ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። እህቴና እኔ መሬት ላይ እንድሃለን። መግሪብ ደረሰ፤ አዛን ተባለ። እቴቴ ተነስታ ክሩን ከሚስማሩ አወረደችው፤ ለራሷ ግን አልፈታችውም። ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ያችን የመጨረሻዋን ቋጠሮ ለመፍታት ጥፍሯ እንቢ ብሏት በጥርሷ ነው የፈታቻት። ከዚያ ተጎራረሱ።

ጋሼ ክሩን ተቀብለው በጣታቸው ወጥረው አቃኑትና መልሰው መርፌያቸው ውስጥ አስገቡት።